ከስድስት አይሱዙ ጤፍ ሁለት ስኒ

ከእህል ሁሉ ደቃቋ ጤፍ ናት። የአንድ ግራም ጤፍ ፍሬ ቢቆጠር ወደ 3,000 ይደርሳል፤ የአንድ ኪሎ ደግሞ ወደ ሦስት ሚሊዮን። ቁጥሩ ከዓይን በላይ ለሆነ ነገር ከዚህች ፍሬ የተሻለ መስፈሪያ አይገኝም። ስለዚህ ለጊዜው አንዲት የጤፍ ፍሬ በአንድ የነርቭ ሕዋስ ምትክ ትቆጠር።

በጎልማሳ ሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። ይህን ያህል የጤፍ ፍሬ 287 ኩንታል ይሆናል። አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ቢጭን፣ አምስት አይሱዙዎች ሞልተው ስድስተኛው 37 ኩንታል ይዞ ይከተላል። ይህን ሁሉ የያዘው አንጎል ራሱ ግን ቢመዘን አንድ ኪሎ ተኩል አይሞላም።

በአንጎል መሐል ግራና ቀኝ ሰብስታንሺያ ኒግራ የሚባል ቦታ አለ። ስሙ በላቲን «ጥቁር ነገር» ማለት ነው፤ ሕዋሳቱ ጥቁር ቀለም ስለሚያከማቹ በባዶ ዓይን ይለያል። እዚያ የሚገኙት ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳት በሁለቱም ወገን ተደምረው ከ400,000 እስከ 600,000 ይገመታሉ። ዝቅተኛው ግምት ቢወሰድ በጤፍ 133 ግራም ነው። ሁለት የቡና ስኒ ይሞላል። ከስድስቱ አይሱዙ ጭነት ውስጥ ሰው እጁን እንደልቡ እንዲያነሳ፣ ሳያስበው እንዲራመድ፣ ፊቱ በፈገግታ እንዲፈታ የሚያስችለውን ዶፓሚን የሚልኩት እነዚህ ሁለት ስኒዎች ናቸው። ከ215,000 የአንጎል ነርቭ ሕዋሳት አንዱ ማለት ነው።

በፓርኪንሰን ሕመም የሚሞቱት በዋናነት እነዚህ ናቸው። የመጀመሪያው የእጅ መንቀጥቀጥ ወይም የእርምጃ መክበድ ሲታይ ከ30 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት አልቀዋል ተብሎ ይገመታል። በጤፍ ሲሰላ አንድ ስኒ አካባቢ ነው። ከ287 ኩንታል ላይ አንድ ስኒ ሲጎድል ፊርማ ይደቅቃል፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ እግር በር ላይ ሲደርስ መሬት የያዘው ይመስል ይቆማል።

ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለው የለንደን ሐኪም ሕመሙን እ.ኤ.አ. በ1817 ሲገልጸው የተነሣው ከስድስት ሰዎች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት ግምት 8.5 ሚሊዮን ደርሷል። በአንድ የከተማ አውቶቡስ 100 ሰው ቢሳፈር 85,000 አውቶቡሶች ያስፈልጋሉ። እያንዳንዱ አውቶቡስ 12 ሜትር ቢረዝምና አፍንጫና ጅራታቸው ተነካክቶ ቢቆሙ ሰልፉ 1,020 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር ሐዲድ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰልፉ ጅቡቲ ደርሶ 270 ኪሎ ሜትር ይተርፈዋል።

የአንድ ስኒ ሕዋስ ጉድለት ይህን ያህል የሚከብደው እያንዳንዱ ሕዋስ በሚሸከመው ሥራ ብዛት ነው። አንድ ዶፓሚን አመንጪ ሕዋስ ከአካሉ የሚወጣ አንድ ክር አለው። ክሩ ወደ ፊተኛው የአንጎል ክፍል ዘልቆ እንደ ዋርካ ቅርንጫፍ እየተከፋፈለ ይሄዳል። በአይጥ ላይ በተደረገ ልኬት የአንድ ሕዋስ ክር ከነቅርንጫፎቹ በአማካይ ግማሽ ሜትር ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ለሰው የተሰላው ግምት 4.5 ሜትር ነው። የሕዋሱ አካል የሚሊ ሜትር አርባኛ ያህል ነው። አካሉ አንድ ሚሊ ሜትር እስኪደርስ፣ ማለትም የጤፍ ፍሬ እስኪያክል ድረስ ሁሉም በልኩ ቢተልቅ፣ ክሩ 180 ሜትር ይረዝማል። ከአንዲት የጤፍ ፍሬ የወጣ ክር ሁለት የእግር ኳስ ሜዳ ለማቋረጥ ጥቂት ብቻ ይቀረዋል።

የ400,000ዎቹ ክር ቢቀጣጠል 1,800 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ደርሶ ይመለስና እንደገና 300 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚራመድ ሰው ከጫፍ ጫፍ ለመድረስ 60 ቀን ይፈጅበታል።

ክሩ በየመንገዱ ከሌሎች ሕዋሳት ጋር ይገናኛል። የአንድ የሰው ዶፓሚን ሕዋስ መገናኛ ነጥቦች ከአንድ ሚሊዮን እስከ 2.4 ሚሊዮን ይገመታሉ። በየሰከንዱ አንድ ነጥብ የሚቆጥር ሰው ሳይተኛና ሳይበላ ቢቆጥር የአንድ ሕዋስን ብቻ ለመጨረስ ከ11 ቀን ተኩል እስከ 28 ቀን ይፈጅበታል። የሁሉንም መቁጠር በዝቅተኛው ግምት እንኳ ከ12,600 ዓመት በላይ ይወስዳል። አንድ ሕዋስ ሲሞት ሚሊዮን አድራሻ ያለው ደብዳቤ አመላላሽ ቀረ ማለት ነው።

የጎደለውን መተካት ይቻል ይሆን የሚለው ጥያቄ ወደ ሙከራ የገባው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። በስዊድንና በአሜሪካ የነበሩ ተመራማሪዎች ከአይጥ ፅንስ የተወሰዱ ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳትን ሕመሙ እንዲይዛቸው በተደረጉ አይጦች አንጎል ውስጥ ተከሉ፤ የእንስሳቱ እንቅስቃሴ ተሻሻለ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ በስዊድኗ ሉንድ ከተማ ኦሌ ሊንድቫልና አንደርስ ብዮርክሉንድ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከሰው ፅንስ የተገኙ ሕዋሳትን ለታማሚዎች መትከል ጀመሩ። ሕዋሳቱ የሚተከሉት በቀድሞ ቦታቸው አይደለም። ከሰብስታንሺያ ኒግራ ተነሥቶ ዶፓሚን እስከሚፈለግበት ድረስ ያለው ርቀት ብዙ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ክራቸው ሊደርስበት ይገባ በነበረው በፑታሜን ውስጥ ይቀመጣሉ።

የዚህ ሕክምና ዕድል በአንድ ቁጥር ላይ ቆሟል። ከተተከሉት ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳት በሕይወት የሚቀሩት ከ3 እስከ 20 በመቶ ብቻ ነበሩ። 100 ተሳፋሪ ይዞ ከተነሣ አውቶቡስ መድረሻው ላይ የሚወርዱት ሦስት፣ ቢበዛ ሃያ ሰዎች ናቸው እንደማለት ነው። የሚሞቱት አብዛኞቹ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ያልቃሉ። አንድ ሚሊዮን ተተክሎ 100,000 ቢተርፍ፣ የ900,000ዎቹ ሞት በሰባት ቀን ሲካፈል በየሁለት ሰከንዱ ሦስት ሕዋስ ይሆናል፤ ቀንና ሌሊት፣ ሳምንቱን ሙሉ።

ታማሚው ላይ ለውጥ እንዲታይ በአንድ ወገን 100,000 ያህል ሕያው ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳት ያስፈልጋሉ የሚለው ግምት በዘርፉ የተለመደ ነው። ከመቶ ሦስት የሚተርፍ ከሆነ ለዚህ 3.3 ሚሊዮን መትከል ይገባል፤ በጤፍ መስፈሪያችን 1.1 ኪሎ። ከመቶ አሥር የሚተርፍ ከሆነ አንድ ሚሊዮን፣ 333 ግራም። ከመቶ ሃያ የሚተርፍ ከሆነ 500,000 ይበቃል፤ 167 ግራም። መድረሻው ሳይለወጥ ስንቁ ወደ ሰባተኛ እጅ ወረደ። ገበሬው ይህን ስሌት ያውቀዋል። ጤፍ በእጅ ሲበተን ለአንድ ሄክታር ከ25 ኪሎ በላይ ዘር ይፈልጋል፤ በመስመር ሲዘራ አምስት ኪሎ ገደማ ይበቃዋል።

በፅንስ ሕዋስ ዘመን የዚህ ስሌት ዋጋ ከባድ ነበር። ለአንድ ታማሚ የአንጎል አንድ ወገን ከሦስት እስከ አምስት ፅንስ፣ ለሁለቱ ወገን ከስድስት እስከ አሥር ያስፈልግ ነበር። ፅንሶቹ የሚገኙት በፅንስ ማቋረጥ ነው፤ ዕድሜያቸውም ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሳምንት መሆን ነበረበት። ለ8.5 ሚሊዮን ታማሚዎች ቢታሰብ ከ51 እስከ 85 ሚሊዮን ፅንስ ይሆናል። በዚህ መንገድ መቀጠል የማይቻል መሆኑን ለመረዳት ሌላ ክርክር አያሻም።

ሕዋሳቱ የሚሞቱበት ቦታ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ፓትሪክ ብሩንዲንና ባልደረቦቹ በዘርፉ የተሠራውን ሲገመግሙ የሞቱን መንገድ በአራት ምዕራፍ ከፍለውታል። የመጀመሪያው ሕዋሱ ከምንጩ ሲለይ ነው፤ ደም ይቋረጥና ኦክስጅንና ስኳር ያጣል። ሁለተኛው ለመትከል ሲዘጋጅና ሲበታተን ነው፤ ማደግ የጀመሩ ክሮቹ ይበጠሳሉ። ሦስተኛው መርፌው አንጎል ውስጥ ገብቶ ሕዋሱ አዲስ ቦታ ላይ ሲያርፍ ነው። አራተኛው ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት፣ ሕዋስን ኑር የሚሉት የማሳደጊያ ፕሮቲኖች ሲታጡ ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ በርቀት ሊለካ ይችላል። ቀጫጭኖቹ የአንጎል የደም ሥሮች ቢቀጣጠሉ 600 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል፤ በእግር 20 ቀን ያስኬዳል። ይህ ሁሉ ሥር የተዘረጋው ማንኛውም ሕዋስ ከደም እንዳይርቅ ነው። ከደም ሥር ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር በላይ ለራቀ ሕዋስ ኦክስጅን በበቂ አይደርሰውም። አዲስ የተተከለ ክምር ደግሞ የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ከአካባቢው እስኪዘልቅለት ቀናት ያልፋሉ። አንድ ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ የጤፍ ፍሬ የሚያክል ክምር መሐሉ ከጠርዙ በ0.5 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ለመታፈን የጤፍ ፍሬ ያህል ክምር ከበቂ በላይ ነው።

በእያንዳንዱ ምዕራፍ ላይ መድኃኒት ተሞክሯል። ሕዋሳቱን በቅዝቃዜ ማቆየት የመጀመሪያው ነው። ቀጥሎ የመጡት ላዛሮይድ የተባሉ ውህዶች ናቸው፤ ስማቸው ከመቃብር ከተነሣው ከአልዓዛር የተወሰደ ነው። የሕዋስን ሽፋን የሚያበላሹ የኦክስጅን ውጤቶችን ያግዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 በአይጥ ላይ ከተተከሉ ሕዋሳት የሚተርፉትን ቁጥር ከሁለት እጥፍ በላይ አሳድገዋል፤ በ2000 ደግሞ ላዛሮይድ የነካቸው ሕዋሳት ለአምስት ሰዎች መተከላቸው ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ1999 ሕዋስ ራሱን በራሱ የሚያጠፋባቸውን ካስፔዝ የተባሉ ፕሮቲኖች ማገድ በአይጦች ሞቱን እንደሚቀንስ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1993 የተገኘውና ጂዲኤንኤፍ የሚባለው የማሳደጊያ ፕሮቲንም ከሕዋሳቱ ጋር ተሞክሯል።

የሕዋሳት መትረፍ በሰው ላይ ሊታይ እንደሚችል ያረጋገጠው ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ1995 ታተመ። ከተከላው 18 ወር በኋላ በሌላ ምክንያት ያረፈ ታማሚ አንጎል ሲመረመር ከ200,000 በላይ ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳት በሕይወት ተገኙ፤ በመስፈሪያችን አንድ ስኒ። በጤናማ ሰው ውስጥ ካለው በዝቅተኛው ግምት ግማሹ ተመልሷል ማለት ነው።

ቁጥሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አልሄዱም። እ.ኤ.አ. በ2001ና በ2003 በአሜሪካ የታተሙ ሁለት ጥብቅ ሙከራዎች 40ና 34፣ በድምሩ 74 ታማሚዎችን አሳትፈው ዋና ግባቸውን አልመቱም። በመጀመሪያው ሙከራ ሕዋስ ከተተከለላቸው 15 በመቶው ከቁጥጥር የወጣ እንቅስቃሴ ታየባቸው። በሌላ በኩል የሁለት ታማሚዎች ክትትል ከተከላው 15ና 18 ዓመት በኋላም የፓርኪንሰን መድኃኒት እንደማይወስዱ አሳየ። በአንድ ሌላ ታማሚ የተተከሉት ሕዋሳት ከ24 ዓመት በኋላ በሕይወት ተገኝተዋል። ከ11 ዓመት ወዲያ በአንዳንዶቹ ሕዋሳት ውስጥ የሕመሙ ምልክት የሆኑት የሉዊ እብጠቶች ቢታዩም ብዙኃኑ ቆመው ቀርተዋል። 24 ዓመት 8,766 ቀን ነው። አብዛኞቹን የሚጥሉት የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ናቸው፤ እነዚያን የተሻገረ ሕዋስ ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ ይኖራል።

የዘሩ ምንጭም በኋላ ከፅንስ ወደ ስቴም ሴል፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊያድግ ወደሚችል ሕዋስ፣ ተዛወረ። እ.ኤ.አ. በ1998 የሰው ፅንስ ስቴም ሴል በላቦራቶሪ መራባት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2006 የኪዮቶው ሺንያ ያማናካ የጎልማሳ አይጥ ሕዋስን ወደ ስቴም ሴልነት መለሰ፤ በዓመቱ ያንኑ በሰው ሕዋስ ደገመው፤ በ2012 ኖቤል ተሸለመ። እንዲህ ያለ ሕዋስ እየተከፈለ ይበዛል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆነ 23 ጊዜ ሲከፈል ከስምንት ሚሊዮን ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ሁለት ሙከራዎች በአንድ ጊዜ ታተሙ። በኪዮቶ በጁን ታካሃሺ የተመራው ቡድን ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 69 ለሆኑ ሰባት ታማሚዎች ተክሏል፤ ለሦስቱ በአንድ ወገን ከ2.1 እስከ 2.6 ሚሊዮን፣ ለአራቱ ከ5.3 እስከ 5.5 ሚሊዮን ሕዋስ። ከ24 ወር በኋላ በፑታሜን የዶፓሚን ሥራ መለኪያ በአማካይ 44.7 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። በአሜሪካና በካናዳ በተደረገው ሌላኛው ሙከራ 12 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ ለአምስቱ በአንድ ወገን 900,000፣ ለሰባቱ 2.7 ሚሊዮን ሕዋስ ተተክሎ እስከ 18 ወር ተከታትለዋቸዋል። በሁለቱም ሙከራ ከሕዋሳቱ ጋር የተያያዘ ከባድ ጉዳት አልታየም። ከሚተከሉት ሁሉ አድገው ዶፓሚን አመንጪ የሚሆኑት ግን ከፊሎቹ ብቻ ናቸው።

ከስቴም ሴል የተገኙትንም የመጀመሪያው ሳምንት አይምራቸውም። እ.ኤ.አ. በ2023 በማሳቹሴትስ ያሉ ተመራማሪዎች ከገዳዮቹ አንዱ መርፌው ራሱ የሚያደርሰው ቁስል እንደሆነ በአይጦች አሳዩ፤ ቁስሉ የሚቀሰቅሰውን ብግነት የሚያበርዱ ነጭ የደም ሕዋሳት አብረው ሲተከሉ ብዙ ዶፓሚን ሕዋሳት ተረፉ። በቀጣዩ ዓመት በኒው ዮርክ የተሠራ ጥናት በተተከሉ ሕዋሳት ውስጥ ጂኖችን አንድ በአንድ እያጠፋ ሞቱን የሚያዘው የቱ እንደሆነ ፈለገ። መልሱ ፒ53 የተባለው ጂን ሆነ፤ እሱን የሚቀሰቅሰው ደግሞ ቲኤንኤፍ የሚባል የብግነት መልእክተኛ ነው። ፒ53 ካንሰርን ከሚከላከሉ ጂኖች ዋነኛው ስለሆነ ሊጠፋ አይገባውም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ መልእክተኛውን የሚያግደውን አዳሊሙማብ ሞከሩ፤ በአይጦች የሚተርፉት ሕዋሳት በዙ። መድኃኒቱ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ለመገጣጠሚያ ቁርጥማት ሲሰጥ ቆይቷል።

እስካሁን አንዲት ፍሬ ለአንድ ሕዋስ ስትቆጠር ቆይታለች። አሁን ጤፏ በቁጥርነት መቆሟ ቀርቶ በእውነተኛ ክብደቷ ሚዛን ላይ ትቀመጥ። አንድ ለመትከል የተዘጋጀ ሕዋስ የግራም ቢሊዮንኛ ያህል ይመዝናል። በአሜሪካና በካናዳው ሙከራ ትልቁ መጠን በሁለቱ ወገን 5.4 ሚሊዮን ሕዋስ ስለሆነ ክብደቱ 5.4 ሚሊ ግራም ነው፤ 16 የጤፍ ፍሬ። ለ8.5 ሚሊዮን ታማሚዎች ሁሉ ቢሰጥ 46 ትሪሊዮን ሕዋስ ይሆናል። በአንድ ጎልማሳ ገላ ውስጥ ካሉት ከ30 እስከ 37 ትሪሊዮን ሕዋሳት ብዙም አይርቅም። ክብደቱ 46 ኪሎ ነው። ሰልፋቸው ከጅቡቲ ያለፈው የ85,000 አውቶቡሶች ተሳፋሪዎች ሕዋስ በግማሽ ኩንታል ማዳበሪያ ተይዞ ቦታ ይተርፋል። የሚተርፈው ሕዋስ በእጥፍ ቢጨምር 23 ኪሎ ይበቃል።

ለአንዱ ታማሚ ደግሞ የሚያስፈልጉት ሕያዋን በአንድ ወገን 100,000፣ በሁለቱ 200,000 ናቸው። የመጀመሪያውን ሳምንት ተሻግረው ክራቸውን ሊዘረጉ፣ እያንዳንዳቸው ሚሊዮን አድራሻ ሊፈልጉ የሚጠበቁት እነዚህ ናቸው። በተተከሉበት ቀን ክብደታቸው ሁሉ ተደምሮ 0.2 ሚሊ ግራም ነበር። አንዲት የጤፍ ፍሬ 0.33 ሚሊ ግራም ትመዝናለች።